የፈላጊዎች ፋይል

ቤቴ ነገሌ ውስጥ ከጦር ሰፈሩ አጥር ማዶ ናት። ጠዋት የሰፈሩ መለከት ሲነፋ እኔ ቀድሜ ነቅቼ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። የምቀሰቅሰው ሌላ ሰው ቤት ውስጥ የለም። ልጄ ሐዋሳ ነርስ ናት። እኔ ዘንድ ኑሪ እያለች ትወተውተኛለች፤ እሄድና ወር ሳይሞላኝ እመለሳለሁ። ምን ጎደለብሽ ስትለኝ የሐይቁን ትንኝ አመካኛለሁ። እውነቱ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ባሌ ወታደር ነበር፤ የሰሜን ሰው። እኔ የአሬሮ ልጅ ነኝ። አማርኛ ያስተማረኝ እሱ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደልንም ከሥራ ሲመለስ በከሰል የቤታችን የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ እየጻፈ ያስቆጠረኝ እሱ ነው። መጀመሪያ የጻፈልኝ የራሱን ስም ነበር። መጻፉን ቶሎ ቻልኩ፤ መጥራቱን ግን አልቻልኩም። እኔ ባደግኩበት ቤት ሴት የባሏን ስም አትጠራም። "ይስሙኝማ" እያልኩ ነበር የማናግረው። እሱ ይስቅብኝ ነበር።

"መንግሥት እንኳን በስሜ ይጠራኛል፤ አንቺ ከመንግሥት ትበልጫለሽ?" ይለኛል።

እሱም በበኩሉ አባቴ ያወጣልኝ ስም ምላሱ ላይ አልገባ ቢለው ሌላ ስም አወጣልኝ። ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ስም ጠራኝ፤ እኔም ለመድኩት።

በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ከጓደኞቹ ጋር የሞያሌን መንገድ ያዘ። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበርኩ ያን ያህል በእግር መሄድ አልችልም ነበር። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ አልጋው ላይ አስቀመጠልኝና ከዚህ ቤት እንዳትነቃነቂ፣ ስመለስ እዚሁ ላግኝሽ ብሎኝ ወጣ። ቤቱ በር ላይ ቆሜ እስከ መታጠፊያው አየሁት። ዞር አላለም፤ ዞር ቢል እንደማይሄድ ያውቅ ነበር መሰለኝ።

አልተነቃነቅኩም ብል ውሸት ነው። ልጄን ወለድኩ፤ አንድ ዓመት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፤ ከዚያ አዝያት ወጣሁ። ከአሬሮ ቅቤ በጀሪካን እጭንና ሻኪሶ ለወርቅ ቆፋሪዎቹ እሸጣለሁ፤ ከሻኪሶ ነገሌ እገባለሁ፤ ቤቴን ከፍቼ ሁለት ሦስት ቀን አድርና ወደ ያቤሎ እሄዳለሁ። ቅቤው ሰበብ ነበር። መኪና በቆመበት ሁሉ አካም፣ ናጋ ተባብለን ሰላምታውን ሳንጨርስ ጥያቄዬን እጀምራለሁ፤ ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ወታደር አይታችኋል? የለም ይሉኛል። ወደሚቀጥለው ከተማ እሄዳለሁ። እዚያም የለም። አንድ ሹፌር ሁሉም ወታደር ረጅም ነው፣ ሁሉም ጠባሳ አለው ብሎ ቀልዶብኛል። አብሬው ሳቅሁ። ምን አደርጋለሁ።

ልጄ ጥርሷን መንቀል ስትጀምር ያቤሎ ላይ አንድ የእርዳታ ድርጅት የጠፉ ሰዎችን የሚመዘግብ ቢሮ ከፈተ። ኮምፒውተር ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ጎኑ ላይ የሰጎን ሥዕል ተለጥፎበት ነበር። ፕሮግራሙን የሠራው እዚያው የሚሠራ ፈረንጅ ነው አሉ፤ አንገቱ ላይ በክር ያንጠለጠላትን ፍሎፒ የምትባል ትንሽ ዲስክ ካላስገባበት ፕሮግራሙ አይከፈትም።

መዝጋቢዋ ስሜን ጠየቀችኝ። ቢሮ ነው ብዬ አባቴ ያወጣልኝን ሰጠኋት። የምፈልገውን ሰው ስም ስትጠይቀኝ ዝም አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ አንዷ ሴትዮ ቶሎ በይ ብላ ጎሸመችኝ።

"የልጄ አባት ነው" አልኩ።

የልጄን ስም ጠይቃኝ ነገርኳት፤ "የእገሊት አባት" ብላ አስገባችው። ባሌ ሲሄድ ልጅቷ ገና አልተወለደችም፤ ስሟን አያውቅም። ይሄ ሁሉ ያኔ አልታየኝም። እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። አንዴ ስጪኝ ብዬ ስሙን መጻፍ እችል ነበር። እጄ ከከሰል ሌላ ይዞ ስለማያውቅ፣ ፊደሌን አይታ ትስቅብኛለች ብዬ አፈርኩ።

በዓመቱ አሬሮ ላይ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ትልቅ ሴትዮ ቤት አረፍኩ። እግሬን አሳጠበችኝ፤ ልጄን አበላችልኝ። ታሪኬን ሁሉ ነገርኳት። በማግስቱ ልነሳ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ልጄ፣ ተቀመጪ። ያንቺ ሰው ሞቷል" አለችኝ። "ከሞያሌ ኬላ ማዶ ቀበሩት። በዓይኔ አይቻለሁ። ጠባሳው ግንባሩ ላይ አይደል?"

ግንባሩ ላይ ነው አልኩ። ፀጉሬን ተቆረጥኩ፤ እዚያው እሷ ቤት ለቅሶ ተቀመጥኩ። ነገሌ ስመለስ ቤቱ ውስጥ መተኛት አቃተኝ። የሚመለስ ሰው ከሌለ የምን መጠበቅ ነው? ቆልፌው ልጄን ይዤ ሻኪሶ ገባሁ፤ እዚያ ትምህርት ቤት አስገባኋት። ያቤሎ ቢሮም ዳግመኛ አልሄድኩም። ወደ ነገሌ የተመለስኩት ልጄ ነርስነት ልትማር ሄዳ ብቻዬን ስቀር ነው። እግሬ መዞሩን አልተወም ነበር፤ ቅቤውን እንደያዝኩ እዞራለሁ፤ ጥያቄው ግን ከአፌ ጠፍቶ ነበር። መኪና ይቆማል፤ አካም ይሉኛል፤ ናጋ እላለሁ፤ ዝም። ሰው መፈለግ አብሮ የሚሄድ ነገር ነው ለካ፤ ሲቀር ነው መንገዱ የሚረዝመው።

ዓመታት እንዲሁ አለፉ። ባለፈው፣ ልጄ በተማሪነቷ የወለደቻት የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ መጥታ አንድ ወር አብራኝ ተቀመጠች። ገና ተማሪ ብትሆንም ሥራዋ ሁሉ ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሯን ከያዘች የት እንዳለች ግድ የላትም፤ የኔ ጠረጴዛ ላይ ሆና ትሠራለች። እኔን በእናቴ ቋንቋ አኮ ትለኛለች፤ አያቴ ማለት ነው። የቀረውን በአማርኛ ነው የምናወራው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ያለው የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ የዕቃ ቤት ኃላፊ መጣና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር እንድታይለት ለመናት። ያቤሎ የነበረ ድርጅት ሲዘጋ ዕቃውን ለክሊኒኩ ትቶ ሄዷል፤ ስንት ዓመት አቧራ ሲጠጣ ኖሯል። ውስጡ ያለውን አጥፊልኝና ለጽሕፈት ይሁነኝ አላት። እኔም ተከትያት ሄድኩ። ካርቶኑ ሲነሳ ጎኑ ላይ ሰጎኗ አለች። አንገቷ ተልጧል፤ እግሮቿ ግን እንደነበሩ ናቸው። የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

"አይጠፋም" አልኩ።

ኃላፊው ሳቀ። "እማማ፣ የሠርግ ፎቶዎት አለበት እንዴ?"

"ባሌ አለበት" አልኩት። ሳቁን አቆመ።

ለልጅ ልጄ በመንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። አያቷ እንደሞተ ታውቃለች፤ መዝገብ ላይ እንደነበረ አታውቅም። እኔ የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነው። የአሬሮዋን ሴትዮ ያህል የሚያውቅ ሌላ ሰው ቢሮው መጥቶ ተናግሮ ይሆን? የት ጋ እንደተቀበረ የጻፈ ይኖር ይሆን? አርጅቻለሁ፤ ድንጋይ የማስቀምጥበት ቦታ ልወቅ አልኳት።

ዲስኩን ከማሽኑ ፈትታ ቤት አመጣችው፤ በሽቦ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችው። ልትገለብጠው ሞከረች፤ አርጅቶ ግማሹ አልገለበጥ አላት። ፕሮግራሙን አሁኑኑ ክፈቺልኝ ስላት አይሆንም አለችኝ። የማታውቀውን ፕሮግራም ዝም ብላ አታስነሳም።

"ፕሮግራም ለብቻው ምንም አያደርግም፣ አኮ" አለችኝ። "ፋይል ልክፈት ሲል፣ ልጻፍ ሲል፣ ልሰርዝ ሲል፣ ሁሌም ኮምፒውተሩን ይጠይቃል። ይሄ መሣሪያ መሃላቸው ይቆማል። የጠየቀውንም የተመለሰለትንም አንድ በአንድ ይጽፍልኛል። አጥር ውስጥ አስገብቼ ነው የማስነሳው፤ ከአጥሩ አልፎ ልንካ ሲል አልተፈቀደም ይባላል።"

አዲስ የተገዛች ላም ከከብቶቹ ጋር ሳትቀላቀል ለብቻዋ ታጥራ ምን ትበላለች፣ ታስላለች ወይ ተብሎ እንደሚታይ ገባኝ። መሣሪያውን ማን ሠራልሽ አልኳት። ብዙ ሰው ነው፣ እኔም አንድ የተበላሸ ቦታ አስተካክዬበታለሁ አለችኝ። የት አሉ ብላት በየአገሩ ነው አለች፤ በዓይኗ አይታቸው አታውቅም።

"ሳታውቂያቸው?"

"ሥራቸውን አውቀዋለሁ። ውስጡ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፤ ስህተት ያየ አርሞ ይልካል። አይሸጥም።"

እያንዳንዱ በየቤቱ ብቻውን ተቀምጦ አንድ ነገር አብረው ይይዛሉ ማለት ነው። ቀናሁባቸው፤ አልዋሽም።

ፕሮግራሙን ስታስነሳው ጽሑፉ ከታች ወደ ላይ ይሮጥ ጀመር። እየጠቆመች አነበበችልኝ። ፍሎፒዋን ጠየቀ፤ የለም። ሌላ ቦታ ጠየቀ፤ የለም። ሌላ ቦታ፤ የለም። ሌላ ቦታ፤ የለም። ጣቷ ይወርዳል፣ የለም ትላለች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አረማመዱን አውቀዋለሁ። ያቤሎ፣ አሬሮ፣ ሻኪሶ።

ጣቷ ድንገት ቆመ። ወንበሯን ሳበች።

"አኮ፣ በመጨረሻ ምን እንደጠየቀ ያውቃሉ? መዝገቡን በሙሉ ልሰርዝ ብሏል።"

ብድግ አልኩ። አልተፈቀደም ተብሎ ቆሟል፣ አይፍሩ አለችኝ። ፈረንጁ ያኔ መዝገቡ ክፉ ሰው እጅ እንዳይገባ ፈርቶ፣ ፍሎፒዋ ከታጣች ሁሉም ይጥፋ ብሎ ሳይሠራው አልቀረም አለችኝ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ በራሱ እጅ ቢከፍተው ኖሮ የኛ የሁላችንም ሰዎች እዚያው ያልቁ ነበር።

ፍሎፒዋን ፈረንጁ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይዟት ሄዷል። የልጅ ልጄ ግን መላ አላት። ፕሮግራሙ ፍሎፒዋ ላይ የተጻፈውን አያነብም፤ መኖሯን ብቻ ነው የሚጠይቀው። መሃል ላይ የቆመው መሣሪያ በኮምፒውተሩ ፈንታ መመለስ ይችላል።

"አለች ብዬ እመልስለታለሁ" አለችኝ።

"የሌለችውን?"

"የሌለችውን።"

"ኃጢአት አይሆንብሽም?"

"ማሽን ነው እኮ፤ ቅር አይለውም።"

አለች ተባለ። አመነ። መዝገቡ ተከፈተ።

የወንድ አያቴን ስም ይንገሩኝ አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። የያዘችውን እርሳስ ከእጇ ወሰድኩና በወረቀት ጻፍኩላት። ፊደሉ እንደ ከሰሉ ዘመን ትልልቅ ነው። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች። በላቲን ፊደል አድርጋ አስገባችው።

የለም።

የእገሊት አባት በይው አልኳት፤ ለመዝጋቢዋ ያልኩትን ነገርኳት። ጻፈች። አባቴ ያወጣልኝ ስም ወጣ፤ ከጎኑ የእገሊት አባት፤ ከጎኑ "አልተገኘም"። ሌላ ምንም የለም። ማንም መጥቶ ስለ መቃብር የተናገረ የለም። በቃ፣ ዝጊው አልኳት። ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

አልዘጋችውም። የተጻፈውን ወደ ላይ እየመለሰች ታነባለች። ሻዩን ይዤ ስመጣ ዓይኗ እዚያው ነው። ፕሮግራሙ ስም ሲፈለግበት የሚያገላብጠው አንድ ፋይል ብቻ ነው አለችኝ፤ የተፈላጊዎችን ፋይል። ሌላ ፋይል ግን ገና ሲነሳ ከፍቶ ዘግቶታል፤ የፈላጊዎችን። እኛ ስንፈልግ አንዴም አልነካውም። መንገዱ ሁሉ ተጽፎ ባይቀመጥላት ያ ፋይል መኖሩንም አታውቅም ነበር።

እኔ የጻፍኩላትን ስም ይዛ ራሷ እዚያ ፋይል ውስጥ ገባች።

ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር።

"አኮ፣ ይቀመጡ" አለችኝ። አነበበችልኝ።

ፈላጊ፦ እሱ። ከኬንያ በሞያሌ የመጣ። ተፈላጊ፦ ለምላሱ እንዲቀለው ያወጣልኝ ስም። ነፍሰ ጡር ሚስት፤ ነገሌ፣ የጦር ሰፈር አካባቢ። ነገሌ ደርሶ ቤቱን ተቆልፎ አገኘው። ጎረቤቶቹ አዲስ ናቸው፤ አያውቋትም። አሁን ወደመጣበት ይመለሳል፤ ዝናቡ ሲያባራ መጥቶ ይጠይቃል። ከጎኑ፦ "አልተገኘችም"።

ቀኑን ጠየቅኳት። ነገረችኝ። በልጄ ዕድሜ ቆጠርኩት። አሬሮ ላይ ለቅሶ ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ። ከዚያ በኋላ መጥቶ እንደሆነ ፈልጊ አልኳት። ፈለገች። አልመጣም፤ ወይም ሲመጣ ቢሮው ተዘግቶ ነበር። ወዲያ ማዶ ኬንያ ያሉ ሰዎችን ልጠይቅ፣ አድራሻ ላፈላልግ አለችኝ። ጠይቂ አልኳት። እሱ ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጣል፤ ቆጥሬ አውቀዋለሁ። እሷ ግን ትጠይቅ።

የአሬሮዋን ሴትዮ ደግሞ አሰብኳት። ጠባሳውን የነገርኳት ራሴ ነበርኩ። እግሬ የቆሰለ፣ ልጄ የከሳች፤ አይታኝ አላስቻላትም። ይህቺ ሴት በቃ ትረፍ ብላ ነው። የሌለ መቃብር አለ ብላ መለሰችልኝ፤ አመንኩ፤ ቤቴን ቆለፍኩ። እሷም ሞታለች። ብትኖርም ሄጄ የምላት የለኝም፤ ያበላቻት ልጅና ያሳጠበችው እግር የኔ ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከመለከቱ በፊት አልነቃሁም። እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበርና። ልጅቷ ስትነሳ አንድ ነገር ጠየቅኳት። ያ "አልተገኘችም" የሚለው ይነሳና "ተገኝታለች" ተብሎ ይጻፍልኝ አልኳት። ቀላል ነው አለች፤ ፕሮግራሙን አስነሳች፤ ፍሎፒዋ አለች አለችው፤ በእኔ ስም አጠገብ ያለውን ለወጠችው። ተገኝታለች። አየሁት። ዓይኔን ጠረግሁ።

ከዚያ እንደ ማመንታት አለች።

"አኮ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። አጥር ውስጥ ነው ያለው። ጽፌያለሁ ብሎ ያምናል እንጂ ዲስኩ ላይ አልተጻፈም። ስዘጋው ይጠፋል።"

"አጥሩን አንሺው።"

"ካነሳሁት መሰረዝም ይችላል። የሌሎቹም ሰዎች ስም አለበት።"

የሌሎቹን አልረሳኋቸውም። ሰልፉ ላይ ያቺ የጎሸመችኝ ሴትዮ እንኳን የምትፈልገው ሰው እዚያ ውስጥ አለ። ተቀምጬ አሰብኩ። ቀላሉ ነገር ዝም ማለት ነበር። ስክሪኑ ላይ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል ማለት እችል ነበር።

"እኔ አንዴ የውሸት መልስ አምኜ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ" አልኳት። "ለእሱ እውነተኛው ይጻፍለት። ሌላውን አንቺ እወቂበት።"

ግማሽ ቀን ፈጀባት። አጥሩን አላነሳችውም፤ አንድ በር ብቻ ከፈተችበት። ፕሮግራሙ እዚያች ፋይል ላይ መጻፍ ይፈቀድለታል፤ መሰረዝ የትም ቦታ አይፈቀድለትም። መጀመሪያ በሐሰት ፋይል ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረችው። ከዚያ ይምጡ ይዩ ብላ ጠራችኝ፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለወጠችው። ጽሑፉ ሮጠና ቆመ። የመጨረሻውን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። ልጻፍ ብሎ ጠይቋል፤ ከፊት ለፊቱ አንድ ቁጥር ተመልሶለታል። ቁጥሩ ምንድነው አልኳት። ስንት ፊደል እንደተቀበለው ነው አለችኝ፤ ሁሉንም ተቀብሎታል። ኮምፒውተሯን አጠፋች፤ መልሳ አበራች፤ ፋይሉን ከፈተች። አለ።

ኮምፒውተሩ ለክሊኒኩ ሌላ ዲስክ ተገዝቶለት ተመለሰ። አሮጌውን ዲስክ የልጅ ልጄ ስሞቹን ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ላውጣ ብላ ይዛው ሄደች፤ ያንን አጥር ሳታነሳበት። ወዲያ ማዶ የጠየቀቻቸው እስካሁን አልመለሱላትም።

ስትሄድ መኪና ድረስ ሸኘኋት። ቤት ገብቼ በሩን አልዘጋሁም። ከሰል ከማንደጃው አነሳሁ፤ ቆርቆሮው ዱሮ የነበረው አይደለም፣ ዝጎ አስቀይሬዋለሁ፤ ቢሆንም ስሙን ጻፍኩበት። እንደጻፍኩ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም፤ የሚያፍርብኝም የሚስቅብኝም። አንዴ ጠራሁት። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ቀጭን ነበር። ደግሜ፣ ከፍ አድርጌ ጠራሁት።